አንድ ሰረዝ ነው ሁለት?

ቂሊንጦ ሲባል ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። ትንሽ ካሰበ ቢራ ፋብሪካውን ይጨምራል፤ ልጅ ያስተማረ ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲውን፤ ዜና የሚከታተል የኢንዱስትሪ ፓርኩን። እዚሁ መሃል ጠዋት በሰርቪስ ገብተን ማታ በሰርቪስ የምንወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ሰርቨር ስንጠብቅ የምንውል ሰዎች እንዳለን የሚያስብ የለም። አይፈረድበትም። ሰርቨር ደህና ሲሆን ማንም አያየውም፤ ሲበላሽ ብቻ ነው «የአይቲ ልጆች የት ሄዱ?» የሚባለው።

እሮሯችን መብራት አይደለም። መብራትን አገር ሙሉ ያማርራል፤ አዛኝ አይታጣም። አቧራውም አይደለም፣ መንገዱን የያዘው ከባድ መኪናም አይደለም። እኛን ለብቻችን የሚያቃጥለን ነገር ለጎረቤት ቢያወሩት የማይገባው፣ ለሚስት ቢነግሩ «ለዚህ ነው ፊትህ የጠቆረው?» የሚያሰኝ ነው፤ ስክሪፕቶች የምንላቸውን አይሰሙም።

ለማያውቀው ላስረዳ። ሊኑክስ ላይ ጥቁሩን መስኮት ከፍተን የፕሮግራሙን ስም እንጽፋለን፤ ከስሙ ቀጥለን የምንፈልገውን በሰረዝ እያስቀደምን እንነግረዋለን። ኦፕሽን የምንላቸው እነዚህን ነው። «ሰረዝ ኦ» ብለን የፎልደር ስም ካስከተልን ውጤቱን እዚያ ፎልደር አስቀምጥ ማለታችን ሊሆን ይችላል። የምንጽፈውን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ሼል ይባላል፤ ሼል ስክሪፕት ደግሞ ሁልጊዜ በእጅ የምንጽፋቸውን ትእዛዞች በአንድ ፋይል የሰበሰበ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ የሌሊቱን ባክአፕ የሚወስደው፣ አሮጌ ሎግ የሚጠርገው እሱ ነው። ይህ ስክሪፕት የተነገረውን ራሱ ማንበብ አለበት። ይቺ ሰረዝ ምን ትላለች? ቀጥሎ የመጣው ቃል የእሷ ነው ወይስ ራሱን የቻለ? ሥራው ይኸው ነው፣ የተባለውን መስማት። ስቲቭ ቦርን የጻፈው ሼል ከዩኒክስ ሰባተኛ እትም ጋር ከወጣበት ከእ.ኤ.አ. 1979 ወዲህ ይቺን አንዲት ነገር ዓለም ተስማምቶ መጨረስ አቅቶታል።

የሞባይል ካርድ ስንሞላ *805* ብለን ቁጥሩን አስከትለን በ# እንዘጋለን። ሞያሌም ይሁን ሁመራ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፤ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውታል። የት እንደሚጀምር ይታወቃል፣ የት እንደሚያልቅም ይታወቃል። ኮምፒውተር ተማርን የምንለው ሰዎች ግን «ሰረዝ ኤች» ምን ማለት እንደሆነ ተጠይቀን በአንድ ቃል መመለስ አንችልም። ዲኤፍ በሚባለው ፕሮግራም ላይ የዲስኩን መጠን ሰው በሚገባው አሃድ አሳየኝ ማለት ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ የሰርቨር አድራሻ ይጠብቃል። ግሬፕ ላይ የፋይሉን ስም አትጻፍብኝ ነው። ሻትዳውን ላይ ማሽኑን ዝጋ ነው። በሌሎች ብዙዎቹ ላይ ደግሞ «እርዳኝ» ነው። እርዳታ የሚጠየቅበት ፊደልና ማሽን የሚዘጋበት ፊደል አንድ ሆነው ሲገኙ የማይደነግጥ ሰው ከኛ ሙያ ውጭ ያለ ሰው ነው።

«ሰረዝ ቪ»ም እንዲሁ። አንዱ ጋ እትምህን ንገረኝ፣ ሌላው ጋ የምትሠራውን እያብራራህ ሥራ፣ ግሬፕ ጋ ያልኩህን ተወውና የቀረውን አምጣ። ኤስኤስኤችና ኤስሲፒ በአንድ ጥቅል አብረው የሚመጡ ናቸው፤ ፖርት ግን ኤስኤስኤች በትንሿ ፒ ሲቀበል ኤስሲፒ በትልቋ ነው፤ ለኤስሲፒ ትንሿ ፒ የፋይሉን ቀን አትለውጥብኝ ማለት ናት። ታርን ደግሞ የፊደሎቹን ተራ አሳስተህ «ሰረዝ ሲ፣ ኤፍ፣ ዜድ» ብትለው ከኤፍ ቀጥሎ ያገኘውን ይይዝና «ዜድ» የሚባል ፋይል ይፈጥርልሃል። ስንቱ ሰርቨር ላይ ይቺ «ዜድ» ተጋድማ አይቻለሁ። ዲዲ የሚባለው ደግሞ የሚሠራውን የሚቀበለው ያለ ሰረዝ ነው።

ደረጃ ጠፍቶ ነው እንዳይባል ደረጃ አለ። ኤቲ ኤንድ ቲ እ.ኤ.አ. በ1985 ዳላስ ላይ በተደረገው የዩኒፎረም ጉባኤ ኦፕሽን የሚያነበውን፣ ጌትኦፕት የተባለውን የሲ ቋንቋ ኮድ ለሕዝብ ለቀቀ። ለሼል ደግሞ ጌትኦፕትስ የሚባለው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የፖዚክስ ደረጃ አካቶታል፤ ዛሬም በየማሽኑ ይገኛል። ልብ አድርጉ፤ አንዱ ጌትኦፕት ነው፣ ሌላው መጨረሻው ላይ «ስ» ያለው ጌትኦፕትስ። ከሲው ኮድ ሌላ ከሼል የሚጠራ ጌትኦፕት የሚባል ፕሮግራምም አለ። ይህን ያህል የተቀራረበ ስም ሲያወጡላቸው የነጋ ጠባ ኑሯችንን ያሰበልን ሰው አልነበረም።

ጌትኦፕትስ ጥሩ ነው፤ ጠባዩ ግን የጥንት ነው። የሚያውቀው አንድ ሰረዝና አንድ ፊደል ብቻ ነው። ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩት የጂኤንዩ ሰዎች ሁለት ሰረዝ ያለውን ረጅሙን አጻጻፍ ካስለመዱን በኋላ እሱ እዚያው ቀረ። ሰው «ሁለት ሰረዝ ሄልፕ» ብሎ ሲጽፍለት እንደ አንድ ቃል አያነበውም። ሁለተኛዋን ሰረዝ የማላውቃት ፊደል ናት ይልና ያማርራል፤ ከዚያ አያቆምም፣ ኤች፣ ኢ፣ ኤል፣ ፒ እያለ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይለቅማል። ስክሪፕቱ ውስጥ «ፒ» አሮጌውን ሁሉ ጥረግ ማለት ከሆነ፣ ጸሐፊውም በመጀመሪያው ስህተት ላይ ካላስቆመው፣ እርዳታ የጠየቀው ሰው ጥርጊያ አዘዘ ማለት ነው።

ፕሮግራሙ ጌትኦፕት ሁለት ዓይነት ነው። ሊኑክስ ላይ ያለው ረጅሙንም አጭሩንም ያነባል። ማክ ላይ ያለው የድሮው ነው፤ ረጅሙን አያውቅም፣ ባዶ ቦታ ያለበት ቃል ሲያገኝም ይሰባብረዋል። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ስትሠራ የከረመች ስክሪፕት የአለቃ ላፕቶፕ ላይ ስትሄድ ትሞታለች፤ አለቃም «እናንተ ስትነኩት ነው የሚሠራው?» ይላሉ።

በዚህ የተማረረ ሁሉ የራሱን አንባቢ በእጁ ይጽፋል። ዋይል፣ ኬዝ፣ ሺፍት በሚባሉት የሼል ትእዛዞች። አንድ ኦፕሽን ከነዋጋው አንብቦ ሲጨርስ «ሺፍት ሁለት» ብሎ ሁለቱንም ከተነገሩት ቃላት ሰልፍ ያስወጣል። በአንድ መሥሪያ ቤት አንዱ እንዲህ የጻፈውን ስክሪፕት ሌላው የሌሊት ሥራ ላይ አስገባው፤ የመጨረሻዋ ኦፕሽን ግን ዋጋዋ ተረስቶ ባዶዋን ቀርታለች። ባሽ የሚባለው ሼል ሰልፉ ላይ አንድ ብቻ ቀርቶ ሁለት አስወጣ ሲባል አንዱንም አያስወጣም፤ ዝም ይላል። ዙሩ ይቀጥላል፣ ያችኑ ኦፕሽን መልሶ ያነባል፣ አሁንም ሁለት አስወጣ ይባላል፣ አሁንም ዝም። በየዙሩ ሎግ ላይ አንድ መስመር እየጻፈ አደረና ጠዋት ዲስኩ ሞልቶ ተገኘ። ስብሰባ ላይ የተነሳው ጥያቄ ዲስክ ለምን አይገዛም የሚል ነበር።

እነዚህ የሁሉም አገር ችግሮች ናቸው። የኛ የምንላቸው ደግሞ አሉን።

አንደኛ ስማችን። አበሻ ስሙ ሲጠራ ከአባቱ ጋር ነው፤ መሃል ላይ ባዶ ቦታ አለ። ለሼል ባዶ ቦታ ማለት አንዱ ቃል አልቆ ሌላው ጀመረ ማለት ነው። «ሰረዝ ኤን አበበ ቢቂላ» ብለህ ያለ ትእምርተ ጥቅስ ስትጽፍ ኦፕሽኗ አበበን ይዛ ትሄዳለች፤ ቢቂላ ሜዳ ላይ ይቀራል። ጌትኦፕትስ ኦፕሽን ያልሆነ ነገር ካገኘበት ቦታ ላይ ማንበቡን ያቆማል፤ ስለዚህ ከቢቂላ በኋላ የጻፍካቸው ሰረዞች በሙሉ እንዳልተነገሩ ይቆጠራሉ። ስህተት አለ የሚል መልእክት የለም። ሥራው ተሠርቷል፤ የተሠራው ግን ያዘዝከው አይደለም። ተጠቃሚው ጠንቅቆ በጥቅስ ውስጥ ቢያስገባው እንኳ ስክሪፕቱን የጻፈው ሰው ውስጥ ላይ ተለዋዋጮቹን ያለ ጥቅስ ትቷቸው ከሆነ እዚያ ይሰበራል። "$@" የምትባለዋን ከነጥቅሷ መጻፍ ይህን ያህል የሚከብድበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም። ፋይሎቻችንም ስም አላቸው፤ «የጥቅምት ወር የደመወዝ ዝርዝር» ብሎ የሰየመው የሒሳብ ክፍል ሰው ያጠፋው ነገር የለም። በነገራችን ላይ አባቶቻችን ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለዩ በነበረበት ዘመን ብንቀር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም፤ ሼሉ ቃል የሚሰብረው ባዶ ቦታ፣ ታብና አዲስ መስመር ሲያገኝ ነው እንጂ ሁለት ነጥባችንን እንደ ማንኛውም ፊደል አይቶ ያልፋታል።

ሁለተኛው ቀን ነው፤ ይሄኛው ጨጓራዬን የላጠ ነው። ስክሪፕቱ «ከዚህ ቀን ጀምሮ» የሚል ኦፕሽን አለው እንበል፤ የሚቀበለውን ቀን ለሚያነበው ለጂኤንዩው ፕሮግራም ለዴት ያቀብለዋል። የሒሳብ ክፍሉ ሰው ጥቅምት 5 ቀን 2017 ማለቱ ነው፤ 2017-02-05 ብሎ ይጽፋል። ለእሱ ትክክል ነው፤ የተወለደበትም ደመወዝ የሚበላበትም ዘመን ይኸው ነው። ዴት ግን የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017 ያያል፤ እውነተኛው ቀን ኦክቶበር 15 ቀን 2024 ነበር። ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ ወደ ኋላ ሄዶ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል፤ ሪፖርቱ እንደ ጉድ ይወፍራል፤ ዴት አንዲት ቃል አይተነፍስም። የሚተነፍሰው መቼ ነው? ጥቅምት 29 እና 30 ሲሆን ነው፤ የዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስላለው ልክ ያልሆነ ቀን ይላል። እንዲሁም ጳጉሜን ላይ፤ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅማ። 2017 ጳጉሜኑ አምስት ነበር። እንግዲህ በዓመቱ ውስጥ ስህተቱ የሚያዘው በሰባት ቀን ነው፤ የቀሩት 358 ቀናት ሹልክ ብለው ያልፋሉ። በጳጉሜን ስልክ እየተደወለ «ስክሪፕትህ ተበላሽቷል» የሚባለውም ለዚህ ነው። አልተበላሸም ወንድሜ፤ እውነቱን የተናገረው ገና አሁን ነው።

ሰዓቱም ያው ነው። ማታ 2 ሰዓት ይሂድ የተባለውን ሥራ አንዱ 2 ብሎ ሥራ በሰዓቱ የሚያስነሳው ክሮን ላይ ያስገባዋል፤ ሥራው የሚነሳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ይቺን ለምደናታል።

ሦስተኛው ቴሌግራም። የኛ አገር የአይቲ ሰው ሰነድ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው፤ ኮማንድ የሚላከው፣ የሚፈለገው፣ የሚቀዳው ከግሩፕ ነው። ኮምፒውተር ላይ በቴሌግራም ሁለት ሰረዝ ደርድረህ ስትጽፍ ግን እሱ ለውበት ብሎ አንድ ረጅም ሰረዝ ያደርጋቸዋል። ዎርድም ይህ ጠባይ አለበት፤ ትእምርተ ጥቅሱንም ያጎብጠዋል። ለልምምድ የመጣ ተማሪ ያንኑ ቀድቶ ተርሚናል ላይ ይለጥፋል።

«ጋሼ፣ ኮማንዱ እምቢ አለ።»

«ምን ይላል?»

«እንዲህ የሚባል ፋይል የለም ይላል። ፋይል መቼ ጠየቅኩት?»

ልክ ነው፣ አልጠየቀም። ረጅሟ ሰረዝ ለስክሪፕቱ ሰረዝ አይደለችም፣ ተራ ፊደል ናት፤ በተራ ፊደል የሚጀምር ቃል ደግሞ የፋይል ስም ነው ተብሎ ይታሰባል። ስክሪኑ ላይ ሁለቱን በዓይን መለየት መከራ ነው። ልጁ እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ዩኒቨርሲቲ የተማረውን ሁሉ ተጠራጥሯል፤ ኢንተርኔቱን ረግሟል፤ አንድ ሁለት ፕሮግራም እንደ አዲስ ጭኗል። ኮማንዱን ፋይል አድርጋችሁ ላኩ እያልኩ አፌ ደረቀ። «እሺ ጋሼ» ይሉኛል፤ በማግስቱ ግሩፑ ላይ ያችው ረጅም ሰረዝ ተንጋላ አገኛታለሁ።

ከዊንዶውስ የሚመጣው ፋይል በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ሸሽጎ ስለመምጣቱ፣ በባሽ የተጻፈውን በሌላው ሼል አስነስተው ስለሚያለቅሱት አላወራም። ኡቡንቱ ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ «ኤስኤች» ሲባል የሚነሳውን ሼል ዳሽ አድርጎታል፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም እንደ አዲስ ነገር የሚደነቁ አሉ።

ስህተቱ ተገኘ እንበል። አሁን ደግሞ የሚነገርበት መንገድ አለ። አብዛኛው ስክሪፕት የጎደለውን ሁሉ ባንዴ አይነግርህም። የድሮ የቀበሌ መስኮት ነው፤ ፎቶ ጎድሏል ይልሃል፣ ፎቶ ይዘህ ስትመጣ ማመልከቻ ጎድሏል፣ ማመልከቻ ስታመጣ ማኅተሙ። የሰርቨሩን ስም ስትሰጠው ፖርቱን ይጠይቃል፤ ፖርቱን ስትሰጥ የይለፍ ፋይሉን፤ ሁሉንም ስትሰጥ መጀመሪያ የሰጠኸው ስም ልክ አልነበረም ይላል። እሱ እንኳ ይሻላል። አንዳንዱ ምን እንደጎደለ ሳይናገር የአጠቃቀም መመሪያ የሚለውን ሁለት ገጽ ይደፋብህና ይወጣል። መመሪያው ላይ ካሉት ኦፕሽኖች ግማሾቹ ቆየት ብለው ከስክሪፕቱ የወጡ ናቸው፤ ስክሪፕቱ ውስጥ ካሉት ግማሾቹ ደግሞ መመሪያው ላይ የሉም።

ይህን ስናማርር የሚሰጠን ምክር አንድ ነው፤ «በፓይተን ለምን አትጽፉትም?» እውነት ነው፣ ፓይተን ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ አርግፓርስ የሚባል ጨዋ አንባቢ አብሮት ይመጣል፤ ረጅሙን ያውቃል፣ አጭሩን ያውቃል፣ መመሪያውን ራሱ ያዘጋጃል። ግን ስክሪፕት ፕሮግራም እሆናለሁ ብሎ አይወለድም። ሦስት መስመር ሆኖ ይጀምራል፤ ለዛሬ ብቻ። ነገ አንድ ሰው «ፎልደሩን ብቻ ቀይርልኝ» ይላል፤ አንድ ኦፕሽን ይጨመራል። በሳምንቱ ሌላ። ጸሐፊው ሥራ ለቆ ከሄደ በኋላ ሦስት መቶ መስመር ሆኖ የደመወዝ ባክአፕ የሚወስደው እሱ ሆኖ ይገኛል። ያኔ በፓይተን እንጻፈው የሚል ካለ እሱ ይጻፈው፤ እኔ አልነካውም። የሚሠራውን ነገር ነክቶ ያበላሸ ሰው ስሙ ከግቢ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ሲደማመር የማልታገሰው አንድ ዓይነት ስክሪፕት ነው። አንዱ ያልገባውን ሲያገኝ ጮኾ ይቆማል፤ እሱን እወደዋለሁ፣ ይጩህ። የማልታገሰው ግን ባዶውን ሲያስነሱት፣ ማለትም ምንም ሳይነግሩት ስሙን ብቻ ሲጽፉ፣ ዝም ብሎ ሥራ ይጀምራል። ሰው እኮ ስሙን ብቻ የሚጽፈው ምን እንደሚሠራ ለማየት ነው! እሱ ግን ፎልደር ካልተሰጠኝ ያለሁበትን ይሆናል፣ ቀን ካልተሰጠኝ ሁሉንም ይሆናል ብሎ ከራሱ ጋር ተማክሮ መሰረዝ ጀምሯል። ባዶ የሆነ ተለዋዋጭ ላይ ጠራርገህ አጥፋ የሚል ትእዛዝ መቀጠል ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ቂሊንጦ መምጣት አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ስቲም የተባለው የጌም ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ያለው ማስነሻ ስክሪፕቱ እንዲሁ ባዶ በሆነ የፎልደር ስም የተጠቃሚዎችን ፋይል ሲያጠፋ ዓለም አይቶታል። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ኩባንያ ከሆነ የኛው ምን ይገርማል።

ዛሬ ከሰዓት አንድ አዲስ ተልኮልኛል። በቴሌግራም፣ በእርግጥ። ስሙ «ባክአፕ ፋይናል ሁለት» ነው፤ ፋይናል አንድ ምን እንደደረሰበት የነገረኝ የለም። ከሥሩ «ጋሼ፣ ዝም ብለህ ብቻ ራን አድርገው» የሚል ተጽፏል። ባዶውን አላስነሳውም፤ ሰረዝ ኤች ልበለው ብዬ እጄን ካነሳሁ በኋላ ደግሞ ይሄ ልጅ ኤችን ለምን ሰጥቷት ይሆን እያልኩ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች እያነበብኩት ነው። ሰርቪሱ ሞተሩን አስነስቷል፤ ዛሬም በታክሲ ነው የምሄደው።